የሳሩ ገንዘብና መለኪያው፦ በአሜሪካ የሕዝብ መሬት የግጦሽ ገቢ ለካውንቲዎች ስለሚከፋፈልበት መንገድ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ጥጃዋን የምታጠባ አንዲት ላም በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ አንድ ወር ሙሉ ብትግጥ፣ በ2024 ባለቤቷ የሚከፍለው 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ላሟ የጋጠችበት ካውንቲ፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ከዚህ ገንዘብ ስንት ይደርሰዋል? አንዱ ካውንቲ 17 ሳንቲም ገደማ ያገኛል። ሌላው 67 ሳንቲም ተኩል ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡን በአንድ እጁ ተቀብሎ በሚቀጥለው ዓመት በሌላው እጁ ይመልሳል። ላሟም ሳሩም ዋጋውም አንድ ነው።

ሰዎች ገንዘብ ሲካፈሉ የሚከራከሩት በአብዛኛው ስለ መጠኑ ነው። ግማሽ ይሁን፣ ሩብ ይሁን፣ ይባላል። እኔ ግን ይህን ሕግ ባገላበጥኩት ቁጥር የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ከመጠኑ ይልቅ የሚወስነው መለኪያው ነው፤ ማለትም በምን ተሰፍሮ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ከየትኛው ሒሳብ ጋር ተቀናንሶ ይደርሳል የሚለው። ንግግሬም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን ካውንቲው ለምን ድርሻ ይገባኛል እንደሚል እንይ። በኔቫዳ ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ነው። በዩታና በአይዳሆ ደግሞ ከ60 በመቶ ይበልጣል። የአሜሪካ ካውንቲ ትልቁ የገቢ ምንጩ የመሬትና የቤት ግብር ነው። የፌዴራል መንግሥትን ንብረት ግን ግብር ማስከፈል አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1819 በማካሎክና በሜሪላንድ መካከል በነበረው ክርክር ግዛቶች የፌዴራሉን መንግሥት ተቋማት ግብር እንዳይጥሉባቸው ከወሰነ ወዲህ መርሑ ጸንቶ ኖሯል። ስለዚህ ካርታው ላይ ሰፊ የሆነው ካውንቲ በግብር መዝገቡ ላይ ጠባብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረታችን ለእነዚህ ካውንቲዎች የተተረተ ይመስላል።

ወጪው ግን አይቀርም። በፀደይ ወራት ከሸለቆው እርሻ ወደ ተራራው ግጦሽ ከብት ጭነው የሚወጡት ትላልቅ መኪኖች የሚሄዱት በካውንቲው ኮረኮንች መንገድ ነው። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ሲያልፉበት ጎማቸው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይተዋል። ያንን የሚደለድለው ግሬደር የካውንቲው ነው፤ ነዳጁንም የሚሞላው፣ ሾፌሩንም የሚቀጥረው ካውንቲው ነው። ከብት ተሰረቀ ሲባል የሚጠራው ሸሪፍ የካውንቲው ነው። የከብት አርቢው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም የሚተዳደረው ከአካባቢው በሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር ነው። ድርሻ ይገባናል የሚሉት ምጽዋት ፈልገው አይደለም።

እዚህ የተደረሰው እንዴት ነው? በምዕራባዊ አሜሪካ ያለው የሕዝብ መሬት ለረጅም ዘመን ባለቤት እንደሌለው ሜዳ ይታይ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ያግጣል፣ የዘገየ ባዶ መሬት ያገኛል። ሳሩ ለነገ ይቆይ ብሎ ከብቱን የሚያስወጣ ሰው የሚያተርፈው ጎረቤቱ ቀድሞ እንዲግጥበት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አያስወጣም። መሬቱ ተራቆተ። በግንቦት 1934 ከመካከለኛው ሜዳ የተነሣው የአቧራ ማዕበል እስከ ዋሺንግተንና ኒውዮርክ ደርሶ ቀኑን አጨለመው። ያ አቧራ በአብዛኛው የመጣው ከታረሰ መሬት እንጂ ከግጦሽ ሜዳ አልነበረም፤ ይህን መደባለቅ ትክክል አይሆንም። ቢሆንም የመሬት መራቆትን ጉዳይ ሕግ አውጪዎቹ ደጃፍ ድረስ አምጥቶታል። በሰኔ 28 ቀን 1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ በኮሎራዶው የምክር ቤት አባል በኤድዋርድ ቴይለር ስም የቴይለር የግጦሽ ሕግ ተባለ።

ሕጉ መሬቱን በግጦሽ ዲስትሪክቶች ከፈለ፤ ፈቃድና ክፍያም አመጣ። ሕጉን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የግጦሽ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ፋሪንግተን ካርፔንተር እርሱ ራሱ የኮሎራዶ ከብት አርቢና ጠበቃ ነበር። በ1936 የተተመነው ክፍያ ለአንድ የቀንድ ከብት በወር 5 ሳንቲም፣ ለአንድ በግ 1 ሳንቲም ነበር። በዚያን ጊዜ የተደነገገው ክፍፍል ለአካባቢው ለጋስ ነው። ከገቢው 50 በመቶው ለግዛቱ ተሰጥቶ መሬቱ ላለባቸው ካውንቲዎች ጥቅም ይውላል፤ 25 በመቶው ለግጦሽ መሬት ማሻሻያ ይሆናል፤ ቀሪው ወደ ፌዴራሉ ግምጃ ቤት ይገባል።

ታዲያ ይህ ልግስና 13 ዓመት ብቻ ቆየ። ክፍያው እጅግ ትንሽ ስለነበረ የአስተዳደሩን ወጪ አልሸፈነም። ክፍያ ይጨመር ሲባል በኔቫዳው ሴናተር ፓት ማካረን ግንባር ቀደምነት የምዕራቡ ተወካዮች ተቃወሙ። ወጪውን የማትሸፍኑ ከሆነ በጀቱን እንቆርጣለን ያሉት ደግሞ በሌላ ወገን ተነሡ። በሁለቱ መካከል የግጦሽ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት በጀቱ ተቆረጠ፣ ሠራተኞቹም ተበተኑ፤ በ1946 ከአሮጌው ጠቅላላ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የምናውቀው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ተወለደ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1947፣ ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ በዲስትሪክቶቹ ውስጥ ካለው መሬት የሚሰበሰበውን የአካባቢ ድርሻ ከ50 ወደ 12 ነጥብ 5 በመቶ አወረደው። ከዲስትሪክቶቹ ውጭ እዚህም እዚያም ተበታትኖ በኪራይ በሚሰጠው መሬት ላይ ግን 50 በመቶው እንዳለ ቀረ። የ17 ሳንቲሙና የ67 ሳንቲም ተኩሉ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። የአርቢዎቹ ወገን በዝቅተኛ ክፍያ ሲሟገት ካውንቲው ድርሻውን ያጣበት ታሪክ ነውና በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን እጃችንን ሒሳቡ ውስጥ እናስገባ። 400 ላሞች ከነጥጃቸው ለ4 ወር ይግጣሉ እንበል። 1,600 የከብት ወር ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም አንድ ፈረስ፣ ወይም አምስት በግ ወይም ፍየል በአንድ ወር የሚግጡት እንደ አንድ ይቆጠራል። በ1 ዶላር ከ35 ሲባዛ 2,160 ዶላር ይሆናል። በ1976ቱ የመሬት ፖሊሲ ሕግ መሠረት ግማሹ፣ 1,080 ዶላሩ፣ ለግጦሽ መሬት ማሻሻያ ይውላል፤ ለአጥር፣ ለውኃ ገንዳ፣ አረም ለማጥፋት። 810 ዶላሩ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ለካውንቲዎቹ ጥቅም ለግዛቱ የሚተላለፈው 270 ዶላር ነው። ከብቶቹ የሚግጡት ከዲስትሪክት ውጭ በኪራይ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ግምጃ ቤቱ ምንም አያገኝም፤ ግዛቱ 1,080 ዶላር ይቀበል ነበር።

270 ዶላሩን ይዘን እንቀጥል። መሬቱ ሁለት ካውንቲ የሚያካልል ቢሆንስ? ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። አንድ ዲስትሪክት ወይም አንድ የኪራይ መሬት ከአንድ በላይ ግዛት ወይም ካውንቲ ውስጥ ካለ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በውስጡ ባለው የመሬት ስፋት ልክ ይሆናል ይላል። ሁለት ሦስተኛው በምሥራቁ ካውንቲ፣ አንድ ሦስተኛው በምዕራቡ ካለ፣ 180 ዶላር ለምሥራቁ፣ 90 ዶላር ለምዕራቡ ማለት ነው። ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ልጅም ያሰላዋል።

እንግዲህ ያን መሬት ቀረብ ብለን እንየው። ምሥራቁ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ግን በጋ ላይ የሚነጣ የጨው ሜዳና ጠጠር ነው። ሴጅብራሽ የሚባለው ግራጫ ቁጥቋጦ በየሃያ እርምጃው ብቅ ይላል፤ በመካከሉ ለከብት የሚሆን ሳር የለም ማለት ይቻላል። ምዕራቡ ጠባብ ነው፤ ግን ከተራራው ሥር ምንጭ አለ። ከምንጩ በታች ሳሩ አረንጓዴ ነው፤ መሬቱ በኮቴ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል፤ የገንዳው ጠርዝ በከብት አንገት መታከክ ብዛት ለስልሷል። ከብት ከውኃ ርቆ አይግጥም። በሐምሌ ሙቀት ጠዋት ወጣ ብለው ይግጡና ቀትር ሳይሆን ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ከምንጩ በራቃችሁ መጠን የተጋጠ ሳር እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ያልተነካ መሬት ላይ ትደርሳላችሁ። የአራቱ ወር ግጦሽ በአብዛኛው የተበላው በምዕራቡ ካውንቲ ነው ማለት ነው። መኪኖቹ የሚሄዱት፣ መንገዱን የሚሰብሩት፣ ምንጩም የሚረገጠው እዚያ ነው። 180 ዶላሩ ግን ለጨው ሜዳው ይሄዳል።

ይህ በአንድ ምድብ፣ ማለትም ለግጦሽ ተለይቶ በተከለለ አንድ ቁራሽ መሬት፣ ላይ ነው። ሕጉ የሚሰፍረው ደግሞ በመላው ዲስትሪክት ነው፤ ዲስትሪክት ማለት ደግሞ ብዙ ምድቦችን የያዘ እጅግ ሰፊ መሬት ነው። ስለዚህ ስፋት የሚባለው መለኪያ ግጦሹ ከተካሄደበት ቦታ ይበልጥ እየራቀ ይሄዳል።

ስፋትን የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። አንደኛው፣ ስፋት አይለዋወጥም፤ አንዴ ከተለካ ክርክር የለም። የካውንቲ ገንዘብ ያዥ በጀቱን ሲያዘጋጅ የሚመጣውን ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ድርሻው በከብት ቁጥር ቢሆን ካውንቲው ብዙ ከብት እንዲገባ ይፈልጋል። ድርቅ መጥቶ ከብት ይቀነስ ሲባል የመጀመሪያው ተቃዋሚ የካውንቲው ምክር ቤት ይሆናል። የ1934ቱ ሕግ የወጣው ደግሞ ከመጠን በላይ በመጋጥ መሬቱ ስለተራቆተ ነው። በሕጉ ለማዳን የተፈለገውን ሳር ገንዘቡ እንዲያስጨርሰው ልናደርግ ነው ወይ?

ይህ ጥያቄ ብዙ አስጨንቆኛል። የደረስኩበት መልስ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ያለ ነው። የግጦሽ ፈቃድ በተለምዶ የሚሰጠው ለ10 ዓመት ነው። በወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ምድብ የሚፈቀደው የከብት ዓይነትና ቁጥር፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን፣ ከሳሩ የሕዝብ መሬት ድርሻ በመቶኛ፣ በመጨረሻም ጠቅላላው የከብት ወር በየዓምዱ ተጽፏል። ክፍፍሉ በዚህ በተፈቀደው መጠን ላይ ቢመሠረት፣ በየዓመቱ በገባው ከብት ላይ ሳይሆን፣ ጥምርታው ለ10 ዓመት ይጸናል። ድርቅ መጥቶ ከብቱ በግማሽ ቢቀነስ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሁሉም ያንሳል፤ ካውንቲዎቹ እርስ በርስ የሚካፈሉበት ልክ ግን አይነቃነቅም። ከብቱ እንዲወጣ የፈቀደ ካውንቲ ከጎረቤቱ በታች አይወርድም። አንድ ምድብ ሁለት ካውንቲ ሲያካልል ደግሞ የሳሩን ምርት ማየት ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮው የመሬቱን የመሸከም አቅም ሲወስን ምርቱን ይገምታል፤ የጨው ሜዳውን ከምንጩ ሜዳ መለየት ለባለሙያዎቹ አዲስ ሥራ አይሆንም።

መለኪያው ቢስተካከልም ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል የሚለው ይቀራል። ገንዘቡ በቀጥታ ለካውንቲው አይሄድም፤ ለግዛቱ ይሰጣል። የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንደሚደነግገው ለካውንቲዎቹ ጥቅም ይውላል ይላል ሕጉ። ጭልፋው በግዛቱ እጅ ነው። አንዳንዱ ግዛት ወደ መንገድና ወደ ትምህርት ቤት ይመራዋል። ሌላው እንደ ኔቫዳ የግጦሽ ቦርድ አቋቁሞ ገንዘቡን መልሶ ለአጥርና ለውኃ ያውለዋል። አርቢው የከፈለው ወደ አርቢው መሬት ቢመለስ ምን አለበት የሚሉ አሉ፤ ኑሮው ሁሉ በከብት ላይ በቆመበት ካውንቲ እኔም አልቃወምም። ግን ከገቢው ግማሹ አስቀድሞ ለማሻሻያ ተወስዷል። የቀረችው ስምንተኛ እጅ ደግሞ እዚያው ከተመለሰች ግሬደሩን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሳንቲም አልቀረም። ይህን መወሰን የሚገባው መንገዱ የሚሰበርበት ካውንቲ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን በጣም የሚያበሳጨኝ ክፍል ላይ ደርሰናል። በ1976 ኮንግረስ በግብር ምትክ የሚከፈል ክፍያ የሚባል ሌላ ሥርዓት አወጣ። ግብር የማይከፈልበት የፌዴራል መሬት ላለባቸው አካባቢዎች በኤከር ልክ፣ የሕዝብ ብዛትንም ጣሪያ አድርጎ፣ በቀጥታ የሚከፈል ነው። በ2024 ከ621 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ከግጦሽ ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ይህ ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው። ስሌቱ ሁለት ቀመር አለው። በአንደኛው ለኤከር ከፍ ያለ ተመን ይታሰብና ካውንቲው ባለፈው ዓመት ከሌሎች የፌዴራል መሬት ገቢዎች ያገኘው ይቀነስበታል። በሁለተኛው ዝቅተኛ ተመን ይታሰባል፤ ምንም አይቀነስም። ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈላል። በመነሻው ተመኖቹ 75 ሳንቲምና 10 ሳንቲም ነበሩ፤ ከ1994ቱ ማሻሻያ በኋላ ከዋጋ ግሽበት ጋር ይጨምራሉ።

ከሚቀነሱት ገቢዎች አንዱ የቴይለር የግጦሽ ድርሻ ነው። በመጀመሪያው ቀመር የሚከፈለው ካውንቲ ዘንድሮ 270 የግጦሽ ዶላር ቢቀበል፣ በሚቀጥለው ዓመት የግብር ምትክ ክፍያው በ270 ዶላር ያንሳል። ሲደመር ዜሮ ነው። ነገር ግን የግዛቱ ሕግ ያ የግጦሽ ገንዘብ በካውንቲው ሳይቀር ለትምህርት ቤት ዲስትሪክት ወይም ራሱን ለቻለ ሌላ የአካባቢ አስተዳደር እንዲተላለፍ ካዘዘ፣ አይቀነስም። አካባቢው ሁለቱንም ያገኛል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በግዛት ወሰን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጎረቤት ካውንቲዎች፣ አንድ ዓይነት መሬትና አንድ ዓይነት ከብት ይዘው፣ በአንደኛው የሳሩ ገንዘብ እውነተኛ ገቢ ነው፣ በሌላኛው የወረቀት ዝውውር ነው። የሚለያያቸው የመንገዱ ስብራት አይደለም፣ የሕዝቡም ችግር አይደለም። በግዛቱ ምክር ቤት ውስጥ ይህችን ቀዳዳ የሚያውቅ ሕግ አርቃቂ መኖር ወይም አለመኖር ነው።

ግዛቶች የግብር ምትኩንም ገንዘብ በዚሁ መንገድ ሊመሩት ሞክረው ነበር። ሳውዝ ዳኮታ ገንዘቡ እንደ ጠቅላላ ግብር ለትምህርት ቤቶችም ይከፋፈል ብላ ደነገገች። ጉዳዩ በሎውረንስ ካውንቲና በሊድ ዴድዉድ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት መካከል ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1985 ፍርድ ቤቱ ካውንቲው ገንዘቡን ለማንኛውም መንግሥታዊ ሥራ ማዋል ይችላል ብሎ ወሰነ። በአንዱ ሕግ ጭልፋው የግዛቱ፣ በሌላው የካውንቲው ሆነ። ሁለቱ ገንዘቦች ግን የሚመጡት ከዚያው ከፌዴራሉ መሬት ነው።

በደን መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። በ1908 በወጣው ሕግ ከብሔራዊ ደኖች ገቢ፣ ግጦሹን ጨምሮ፣ 25 በመቶው ለግዛቱ ተሰጥቶ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ይውላል። በብሔራዊ የሳር ሜዳዎች ላይ ደግሞ ከተጣራው ገቢ 25 በመቶው ግዛቱን ሳይነካ በቀጥታ ለካውንቲው ይሄዳል። አንድ አርቢ በጋውን ከብቱን ከቢሮው መሬት ወደ ደኑ ቢያሻግር፣ አጥር በተሻገረ ቁጥር የካውንቲው ድርሻ ይለወጣል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ይህን ሁሉ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ዘገባ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2004 በጀት ዓመት ለግጦሽ ቢያንስ 144 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው የሰበሰቡት 21 ሚሊዮን ያህል ነበር። ክፍያውም ከ2019 እስከ 2024 በዝቅተኛው ወለል በ1 ዶላር ከ35 ላይ ቆሟል። ይህ ወለል በ1986 በፕሬዚዳንት ሬገን ትእዛዝ የተቀመጠ ነው፤ የዶላር አቅም በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደወደቀ እናንተም ታውቃላችሁ። ቢሆንም በጥቂት ሺህ ነዋሪ ለሚተዳደር ካውንቲ ጥቂት ሺህ ዶላር የአንድ ድልድይ ጥገና ነው። ደግሞም የተዛባ መለኪያ ገንዘቡ ባነሰ ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው ይኖራል፤ የስፋቱ መለኪያ ከ90 ዓመት በላይ የኖረው እንዲሁ ነው።

የእኔ ሐሳብ በሥራ ሲታይ ቀላል ነው። በግጦሽ ፈቃዱ ወረቀት ላይ የምድቡ ስም፣ የከብቱ ቁጥር፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የሕዝብ መሬት መቶኛና የከብት ወር የሚጻፍባቸው ዓምዶች አሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ርዕሱ ካውንቲ ይሁን። ፈቃዱ በየ10 ዓመቱ ሲታደስ ሳሩ በየትኛው ካውንቲ እንደሚጋጥ በዚያ ይሞላ። የምንጩ ሜዳ 1,400 የከብት ወር፣ የጨው ሜዳው 200 የከብት ወር ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ270 ዶላሩ 236 ዶላር ከ25 ሳንቲሙ ለምዕራቡ፣ 33 ዶላር ከ75 ሳንቲሙ ለምሥራቁ ይደርሳል።